ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረብታው ላይ

አጎቴ ጋሼ ወርቁ ማንበብ ልማር ስል ከለከለኝ። ዐሥር ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ የልጅ አባት እስክሆን ድረስ ስሜን ከመሞነጫጨር በቀር ምንም ሳልጽፍ ኖርኩ። በደሉ ይኼ ነው፤ አላሳምረውም፣ አላጋንነውም። የእኛ ሰዎች በሚሰበሰቡበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ይህን ባወራሁ ቁጥር «አጎትህ እኮ አሳድጎሃል!» የሚለኝ አይጠፋም። አሳድጎኛል። መቼ ካድኩ? ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን ይቅርብኝ።

ልጅ እያለሁ ፌርፋክስ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ሰፈሩ ገና በስማችን አልተጠራም፣ ሰሌዳም አልተተከለለትም። እኔና አጎቴ ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ መጥተን ክሬንሾው አካባቢ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ገባን። ካምፑ ውስጥ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ፊደል የሚባል ሳልቆጥር ነው የመጣሁት፣ የአማርኛም የእንግሊዝኛም። እዚህ ደግሞ ዕድሜዬን አይተው አምስተኛ ክፍል ከተቱኝ። ከኋላ ተቀምጬ እንደ ጨዋ ልጅ አቀርቅሬ እውላለሁ፤ መምህሯ ጨዋነቴን ድንዛዜ አድርጋ ወሰደችው። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ስድስተኛ አሳለፉኝ፤ እንዲያው እያሳለፉ እያሳለፉ እስከ መጨረሻው ሸኙኝ። እናንተ የእኔ ዘመን ልጆች፣ አንዳንዶቻችሁ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ስለነበራችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን የኪራይ አዳራሽ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፓሳዴና ወዲህ ኮረብታ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ ተማሪዎች እየመጡ እኛን የስደተኛ ልጆችን ያስጠኑን ነበር። ሲጨርሱ ርቧቸው ፌርፋክስ ይወርዳሉ። እነሱ ገና ወንበር ሳይስቡ የእኛ ሰዎች እርስ በርሳቸው በአማርኛ ያሟቸዋል።

«ስንት ተማሪ ነው ያለው ኮሌጁ?»

«እኔ እንጃ፤ ሺህ ቢሞላ ነው።»

«ሂድ! የእኛ ዕድር ይበልጠዋላ!»

«ሐኪም ያወጣል?»

«ኧረ አያወጣም።»

«መሐንዲስስ?»

«እሱንም አያወጣም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያወጣው?»

«ፂም ነዋ! አላየሃቸውም?»

ተማሪዎቹ ሥጋ ስለማይነኩ ዓመቱን ሙሉ የጾም በያይነቱ ነበር የሚያዙት። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ ሳህኑን አስቀምጠው ሲመለሱ፣ «እግዚአብሔር የለም የሚሉት እነሱ፣ ሁዳዴ የማያልቅባቸው እነሱ! እንዲህ ያለ ጾመኛ ገዳም ውስጥም አላየሁ» ይሉ ነበር። ሱሪያቸውም ሌላ ጉድ ነው። ሩት የምትባለው አስጠኚዬ ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ የተቦጨቀ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ አንድ ቀን ሆዳቸው አልችል ብሎ መርፌና ክር ይዘው ከወንበሯ ሥር ቁጭ አሉ። ልጅቱ የሀገራችን ልማድ መስሏት እግሯን ዘረጋች። ሰፉላት። ማን ደፍሮ ያስረዳት? በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላኛው ጉልበት ተቀዶ መጣ።

ሩት መጽሐፍ አልገለጠችልኝም። «አንድ ነገር አጫውተኝ» አለችኝ። በሰባራ እንግሊዝኛዬ ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ስለ ተሳፈርንባት የጭነት መኪና ነገርኳት፤ ሾፌሩ እንቅልፍ እንዳይጥለው እየጮኸ ሲዘፍን፣ እኛ ልጆች የማሽላ ጆንያ ላይ ተጋድመን ስንስቅ። ለካ ያልኩትን ሁሉ ስትጽፍ ነበር። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችና ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች የገዛ ወሬዬን መልሳ ነገረችኝ። ከአፌ ወጥቶ ሄዷል ያልኩት ነገር እዚያ ተኝቶ ይጠብቀኝ ነበር። «ትራክ» የሚለውን ቃል ያን ቀን አወቅሁት። ባየሁት ቁጥር ሞተሩ የሚነሣ ይመስለኛል። በየሳምንቱ አንድ አንድ ቃል ይጨመርልኝ ጀመር፤ ሳምንቱን ሙሉ ቃሎቼን በአውቶቡስ መስኮት፣ በሱቅ በር፣ በወተት ካርቶን ላይ እየፈለግሁ እውላለሁ። አንዱን ሳገኝ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኛል።

በኋላ አዳራሹ ቅዳሜ ለሠርግ መከራየት ሲጀምር ትምህርቱ ወደ ኮሌጁ ተዛወረ። በቫን ይወስዱን ነበር። ቫኑ ብርቱካን ልጣጭና እርጥብ ፎጣ ይሸት ነበር፤ ዛሬም የሁለቱን ሽታ አንድ ላይ ባገኘው ዐይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ። ለምሳ የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይሰጡናል። ከእኛ አንዱ ከቤቱ ሚጥሚጣ በላስቲክ ቋጥሮ ስለሚመጣ እሱን ነስንሰን እንበላዋለን። ከዚያ ከኮረብታው አናት እስከ ግርጌው ሣሩ ላይ መንከባለል ነው። ታች ስንደርስ ሰማዩ ይዞራል፣ አንገታችን ያሳክከናል፣ ደግመን እንወጣለን። ቤተ መጻሕፍቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ አሮጌ ምንጣፍና ወረቀት ይሸታል። መደርደሪያዎቹ መካከል ቆሜ ይህ ሁሉ የሰው ወሬ ነው፣ እኔ እስክደርስ ይጠብቃል እል ነበር።

አንድ ቀን አንድ መምህር ጫማውን አውልቆ፣ ተማሪዎቹ ከብበውት ሣር ላይ ተቀምጦ አየሁ። አንዲት ልጅ ዐይን ዐይኑን እያየች «አልስማማም» አለችው። መብረቅ የሚወርድ መስሎኝ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። እሱ ሳቀና «ለምን?» አላት። በቃ፣ ለምን። ሩትም ያው ነበረች፦ «ስታወራ እየኝ፤ ያልገባህን ጠይቅ» ነው ሕጓ። ማቀርቀር የለመደ አንገት ቀና ሲል ያማል። ሆኖም ለመድኩት።

ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ የመጣው አንድ እሁድ ነው። ከአምልኮ በኋላ አጎቴ ጋሼ ኃይሉን ምሳ ጠራቸው። ጋሼ ኃይሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ስድስት ኪሎ ሦስተኛ ዓመት ድረስ የተማሩ፣ እዚህ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቲኬት የሚቆርጡ። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ከስድስት ኪሎ ወዲያ አልተሠራም ብለው ያምናሉ። እጅ የማስታጥብ እኔ ነኝ። ውኃውን እያፈሰስኩላቸው «እህ ሙሉጌታ፣ ትምህርት እንዴት ነው?» አሉኝ። የዚህ መልስ የታወቀ ነው፤ ሳህኑን እያዩ «ደህና ነው ጋሼ» ማለት። እኔ ቀና ብዬ ዐይናቸውን አየሁ።

«ደህና ነው ጋሼ። እርስዎ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ለምን ፓርኪንግ ይሠራሉ?»

ለክፋት አልነበረም። እውነቴን ማወቅ ፈልጌ ነው፤ ዛሬም አላፍርበትም። ውኃው ከሳህኑ አልፎ የእሁድ ሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ። ጋሼ ኃይሉ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ «ልጄ… እሱ ነገር…» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም፤ አጎቴ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ።

«በእግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ ጋሼ ኃይሉ! ዐይን አውጣ አደረጉብኝ እኮ!»

«ተወው ወርቁ፣ ልጅ ነው።»

«ምን ልጅ ነው! ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባል የለ? እነዚያ ቀዳዳ ሱሪዎች ናቸው። የራሳቸውን አባት በስሙ የሚጠሩ ናቸው የእኔን ልጅ የሚያስተምሩልኝ? ከዛሬ ወዲያ ኮረብታ የሚባል የለም!»

እንግዳው ከሄዱ በኋላ አጎቴ እግር ላይ ወደቅሁ። «ጋሼ፣ ማንበብ ልጀምር ትንሽ ነው የቀረኝ» አልኩት። «ትምህርት ቤት ትሄድ የለም እንዴ? እዚያ አንብብ!» አለኝ። አለማንበቤን አያውቅም ነበር። ማሳለፋቸውን እንጂ ማስተማራቸውን ጠይቆ አያውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሩት ራሷ መጥታ በራችንን አንኳኳች። አጎቴ በሩን ገርበብ አድርጎ «ሂ ኢዝ ቢዚ። ታንክ ዩ። ኦኬ? ኦኬ» አላት። እሷ ግን አልሄደችም። «ሙሉ፣ አለህ?» ብላ በእንግሊዝኛ ተጣራች። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ፤ ተጠጋግተን ስለነበር የቫኑ ብርቱካን ሸተተኝ። አቀረቀርኩ። ጨዋ ልጅ ነኛ። በዓመቱ ተመርቃ ሄደች አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሕይወቴ ሾፌርነት ነው። ኤርፖርት ሰው አመላልሳለሁ። መንገዱን ሁሉ በሕንፃ ቀለምና በዛፍ ነበር የምይዘው፤ ሕንፃ ቀለም ሲቀባ እጠፋለሁ። ልጄ ሊዲያ ትንሽ ሳለች መጽሐፍ ይዛ ጭኔ ላይ ትወጣለች፤ ሥዕሉን እያየሁ ከራሴ ፈጥሬ አወራላታለሁ። አንድ ቀን «ዳዲ፣ ትናንት እንደዚህ አላልክም» አለችኝ። በዚያው ሳምንት የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። እንግሊዝኛውን እዚያ፣ አማርኛውን በኋላ ብቻዬን ለቀምኩት። ሳነብ ግን የዐሥር ዓመት ልጅ ደስታ አላገኘሁም። ሥራ ነበር፤ እንደ ዕቃ ማውረድ ያለ።

ሊዲያን ባለፈው ጸደይ ኮሌጅ ተቀበላት። ያኛው አይደለም፤ ሌላ ነው፣ ከፓሳዴና አልፎ። እሱም ግን ትንሽ፣ እሱም ሣር ያለው፣ ስሙን ፌርፋክስ የማያውቀው። ወሬው እንዳለ ተመለሰ። «የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲ እያለላት? ስሙን ጎረቤት ካላወቀው ምን ዋጋ አለው?» ይሉኛል። ነርስ የሆነችው እናቷ የምታውቀው አንድ ትምህርት ነው፣ ነርሲንግ። አጎቴ አሁን ቶራንስ ነው የሚኖረው፤ እሱ ደግሞ በስልክ «ጉድ ነው! ፍልስፍና ልትማር?» ብሎ ዘጋብኝ። በእኔ ቢሆን ዘግቶ ይቅር ብዬ በተውኩት። ሊዲያ ግን «አያቴ ሳይመርቀኝ አልሄድም» አለች። አጎቴን አያቴ ነው የምትለው፤ ከትምህርት ቤት ሲያመላልስ፣ ሲያበላ ያሳደጋት እሱ ነው። ለኮሌጁ መልስ መስጫው ቀን ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው አሁንም ሃሳቧን አልለወጠችም። ሶ፣ የከለከለኝን ሰው ደጅ ልጠና ተነሣሁ።

ቶራንስ ደርሰን ፓርክ አደረግሁ። ቤቱ ገብተን ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ተቀምጦ አገኘነው። እሷ ምን ልትማር እንደፈለገች አስረዳችው፤ ብርድ ልብሱን አስተካከለ። ያን ጊዜ እኔ፣ ለዘመናት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ እኔን ያኔ እምቢ ብለውኛል። ለእሷ እሺ ይበሉ።»

ረስቶታል ብዬ ነበር። አልረሳም።

«ሰው ፊት አዋረድከኝ እኮ» አለኝ፤ ድምፁ ትናንት የሆነ ነገር የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። «ሀገር አልነበረኝ፣ ቤት አልነበረኝ። ያለችኝ ‹ልጁን በሥርዓት አሳደገ› መባል ብቻ ነበረች።»

መልሴን አልጠበቀም። «ነይ እስቲ» አላት። ተንበረከከች፤ እጁን ራሷ ላይ ጫነ። «እግዚአብሔር ይከተልሽ። የሄድሽበት ይቅናሽ። በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። የምትፈልጊውን አይንሳሽ።» እያንዳንዱን አሜን አልኩ፤ ከእሷ ድምፅ ይልቅ የእኔ ይሰማ ነበር። ጨርሶ እጁን ሲያነሣ እኔም ቆሜ ጠበቅሁ። ምን እንደጠበቅሁ አልነግራችሁም። «ስትወጡ በሩን ሳብ አድርገው፣ ብርድ ይገባል» አለኝ።

ፍሪዌዩ ተጨናንቆ ነበር። ሊዲያ ስልኳን አስቀመጠችና፣ «አያቴ ግን ጥሩ ሰው ነው፣ አይደል ዳዲ?» አለች። ከፊት ያሉት መኪናዎች መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ተከተልኳቸው። ከዚያ «ነው» አልኳት።

አሁን ፌርፋክስ ላይ የተቀደደ ሱሪ የሚለብሱት የእኛው ልጆች ናቸው። ዐይን ዐይኔን እያዩ «አንተ» ይሉኛል፤ እኔም አንዳንዴ የአጎቴ ቁጣ በጉሮሮዬ ሲመጣ ይሰማኛል። እውጠዋለሁ። ለሥራ በዚያ ኮረብታ ሥር ስነዳ መውጫው ላይ የተጻፈውን አነባለሁ፤ ሌላውን ሰሌዳ ሁሉ አነባለሁ፣ ማንም አይከለክለኝም። ግን ማንበብ የፈለገው እኔ አልነበርኩም። ልጁ ነበር የፈለገው፣ አንገቱ ሣር የሚያሳክከው ልጅ፤ እሱን በየትኛው ቫን ልመልሰው?

ከአጎቴ ጋር የነበረው ነገር ግን አልቋል። ያለቀው ሊዲያን በመረቀበት ቀን፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ነው።