ክቡርነታቸውን ይዤ ወደ ፖላንዱ ሚኒስትር

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አጎቴን ጋሽ መኮንንን ይዤ ከቶሮንቶ ዳርቻ ከስካርቦሮ እስከ ፖላንዶቹ ሰፈር የተጓዝኩት ለሽርሽር አይደለም። አጎቴ አገር ቤት ምክትል ሚኒስትር ነበሩ። ቶሮንቶ አንድ መጋዘን ሥራ ሰጥቷቸው እስከ ሰኞ መልስ ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን ከሶፋው አልተነሡም። ቤታችን ሁሉም «ክቡርነትዎ» ነው የሚላቸው። ታዲያ ክቡርነታቸውን ካርቶን ያንሡ ብሎ ማን ይናገራል?

አብራኝ የምትሠራው ፖላንዳዊት ሃሊና፣ «ከሥልጣን የወረደ ሚኒስትራችን ከፖላንድ መጥቶ ቅዳሜ አዳራሻችን ይናገራል፤ ነይ» ስትለኝ፣ ሁለቱን ላገናኛቸው አልኩ።

ጠዋት

በባስ ወጥተን ሰብዌይ፣ የምድር ውስጡን ባቡር፣ ያዝን። አጎቴ ሁሌ በመኪና ስለምናደርሳቸው ሰብዌይ አያውቁም፤ ትራንስፈሯን፣ የመሸጋገሪያዋን ትኬት፣ እንደ ፓስፖርት ደረት ኪሳቸው ከተቷት። ብሉር ጣቢያ ስንደርስ፣ «ከላያችን የኛ ምግብ ቤቶች አሉ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን እንሠራለን እዚህ ታች?»

ከሰብዌይ ወርደን በስትሪትካር፣ መንገድ ላይ በሚሄደው ባቡር፣ ቀጠልን። ፖላንዶቹ ዳቦ ቤት ማርማላታ የተሞላ ቦምቦሊኖ በሰባ ሳንቲም ገዝተን እየበላን አዳራሹ ደረስን።

አዳራሹ

ሰውዬው ሲገባ ሁሉም ብድግ አለ። «ክቡር ሚኒስትር!» ይሉታል።

«እኛ ዘንድ አንዴ ሚኒስትር የሆነ እስኪሞት ሚኒስትር ነው» አለችኝ ሃሊና።

«ሥርዓት የሚያውቅ ሕዝብ!» አሉ አጎቴ፣ ደስ ብሏቸው ተመቻችተው እየተቀመጡ። በቃ፣ የባሰውን አመጣሁት አልኩ በልቤ።

ሰውዬው ታሪኩን ሲያወራ ሃሊና በእንግሊዝኛ ትነግረናለች። የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ አድማ መርቶ ታሰረ። ኮሙኒስቶቹ ሲወድቁ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆነ። ከዚያ ፓርቲው ምርጫ ተሸነፈና ወረደ።

አጎቴ እጃቸውን አወጡ። «በማግስቱ ምን አደረጉ?»

«ባስ ፌርማታ ሄድኩ። መኪናውንም ሹፌሩንም ወስደዋላ! የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበርኩት ሰውዬ ቲኬት የት እንደሚሸጥ አላውቅም። አንዲት አሮጊት ብጠይቅ፣ ‹ኪዮስክ ነዋ፣ ክቡር ሚኒስትር!› አለችኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አጎቴ አልሳቁም። «ከዚያስ?»

«ወደ ባቡር ጥገናዬ ተመለስኩ። እዚያም ‹ክቡር ሚኒስትር፣ መፍቻውን ያዝ› ይሉኛል። ዘንድሮ ለከተማችን ምክር ቤት እወዳደራለሁ።»

መልስ

አጎቴን ይዤ በመጣንበት መንገድ ተመለስኩ። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ፣ «ያ መጋዘን በየትኛው ባስ ነው?» አሉኝ።

እኔ ማዕረጋቸውን ካላስጣልናቸው ሥራ አይገቡም ብዬ ነበር። ለካስ ይዘውትም መሄድ ይቻላል።

ሰኞ ጠዋት አጎቴ ክራባታቸውን አስረው፣ ብቻቸውን በባስ ሄደው መጋዘኑ ውስጥ ሥራ ጀመሩ።