በዴልበርት መኪና ስንት ሰዓት ነው

እኔ የምሠራበት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ግን ሰዓት ማወቅ የፈለገ ሰው ወደሱ አያይም። በመስኮት ወደ ውጭ ነው የሚያየው፣ ወደ ዴልበርት ክራይቼክ መኪና።

ቀይ ፒክአፕ ነው። ጠዋት መጥቶ አጥሩ ጥግ ሲቆም ኋላው ቀና ብሎ ነው። ዴልበርት ገብቶ የመጀመሪያ ቡናውን ሲይዝ፣ መኪናው ወገቡን እንዳመመው ሰው ቀስ እያለ መቀመጥ ይጀምራል። ሎይድ የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስተኛ አለ፤ አንድ ቀን ነጭ ቀለም ይዞ መጣና ከመኪናው ኋላ ባለው የአጥር እንጨት ላይ ሦስት መስመር አሰመረ። ፓራውልቱ የመጀመሪያው መስመር ጋ ሲወርድ ግማሽ ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ዴልበርት ሥራ መግባት ነበረበት። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሚስቱ ሎሬታ ትደውላለች።

የዴልበርት ሥራ ሌላ ቢሆን ይሄ ሁሉ አያስቅም ነበር። የሱ ሥራ ግን ንፋስ ነው። ተሳቢ የሚጎትት ሰው መኪናው ከኋላ እየተጫነ ሲያስቸግረው ወደሱ ይመጣል። እሱ መኪናውን በሚሸከመው ባሌስትራና በሻንሲው ብረት መሃል ሁለት ወፍራም የጎማ ከረጢት ያስገባል፤ ከታች የንፋስ ታንክ ያስራል፤ ኮምፕሬሰር ይገጥማል፤ ከዚያ ከሾፌሩ ወንበር ሆነህ ቁልፍ ስትጫን መኪናው ቀና ይላል። በዚያው ንፋስ የሚነፋ ክላክስ ካልጨመረልህ ደግሞ ሥራው ያለቀ አይመስለውም። የራሱ ክላክስ አራት ጥሩንባ አለው። ባቡር ነው ብለው ሐዲዱ ጋ የቆሙ ሰዎች አሉ።

ሕጉ ሦስት ነው፤ ለደንበኛ ሁሉ በጣቱ እየቆጠረ ይነግራል። ቱቦ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ በመቁረጫው እንጂ በቢላ አይነካም። መጋጠሚያ ሁሉ የሳሙና ውሃ ይቀባል፣ አረፋ ካወጣ ይፈታል። ደግሞ ሳያድር ለባለቤቱ አይሰጥም። ለሰው ሲሠራ ከዚህ ውልፍት አይልም። ስለራሱ መኪና ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድ ነው፦ "በዚህ ቅዳሜ።" ስድስት ዓመት ሆነው።

እኔ ስለ መኪና ብዙ አላውቅም፤ የምጽፈው በመስኮት ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

ባለፈው የበቆሎ አጨዳ ላይ የሚስስ ቶርሰን ፈረስ ታመመች። ፔኒ ትባላለች፣ ባዝራ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። የዚህ ከተማ ልጅ ሁሉ መጋለብ የተማረው በሷ ጀርባ ነው፤ እኔም፣ የዴልበርት ልጅም። የፊት እግሯ ጅማት ተጎዳና ሐኪሙ አምስት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ የእንስሳት ሆስፒታል ጻፈላት። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። የሚስስ ቶርሰን መኪና ግን ተሳቢው ሲታሰርበት ባሌስትራው ብረት ከብረት ይጋጫል። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ በዚህ መኪና ስትናጥ ከሄደች ጅማቱ ይበጠሳል፣ ቆማ አትወርድም። ከተማ ያለው ጋራዥ ደግሞ የሦስት ሳምንት ወረፋ አለው።

ስለዚህ ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ዴልበርትን ሊያነጋግሩ ወደኛ እንደሚመጡ ተሰማ። ሚስስ ቶርሰን ሰውን የሚለኩት በራሱ ዕቃ ነው። ፀጉር አስተካካይ የሚመርጡት የሱን ፀጉር አይተው ነው።

"መኪናህን ሌላ ቦታ አቁም" አለው ሎይድ በጠዋቱ።

"ለምን? የምደብቀው ያለ ይመስላል።"

"የምትደብቀው ነገር እኮ አለህ፣ ሰውዬ።"

ሚስስ ቶርሰን መጡ። መስኮቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የቼሪ ኬክ አዘዙ፤ እሳቸው ደግሞ ሲበሉ በሹካ ጫፍ ነው። ዴልበርት ከፊታቸው ተቀምጦ ስለ ከረጢቱ ያስረዳል፣ ዓይኑ ግን በትከሻቸው በኩል ውጭ ነው።

"ከረጢቱ ሁለት ነው፣ ለየብቻ ነው የሚነፋው... ይቅርታ፣ ስልኬን መኪና ውስጥ ረስቼ።"

ወጣ። ሞተሩን አስነሳ፣ ኮምፕሬሰሩ ገረገረ፣ መኪናው ቀና አለ። ተመለሰ። እሳቸው ስለ ፔኒ ምግብ ያወራሉ። መኪናው ወረደ።

"ሚስስ ቶርሰን፣ አንድ ደቂቃ፣ መነጽሬን..."

ወጣ፣ ገረገረ፣ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ፣ "ስልኬን" ብሎ ሲነሳ፣

"ስልክህ እጅህ ላይ ነው" አሉት።

እጁን አየው። ተቀመጠ። ያኔ ሎይድ ሊረዳ ተነሳ። በመስኮት አየነው፤ ከእኔ ምድጃ ጎን ሁለት ግንድ ፍልጥ ታቅፎ ወጥቶ ከመኪናው ሥር ሊሸጉጥ ጎንበስ አለ፣ ጎንበስ እንዳለም ወገቡ ያዘው። እዚያው ቀረ።

ሚስስ ቶርሰን ኬካቸውን ቆረሱ። "እንጨቱ ላይ ያሉት ነጭ መስመሮች ምንድን ናቸው?" ብለው እኔን ጠየቁኝ።

"የበረዶ መለኪያ ናቸው" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

"የዚህ ሰፈር በረዶ ከጉልበት ይጀምርና ከላይ ወደ ታች ይጨምራል ማለት ነው?"

እሳቸው ወደ ውጭ አዩ፤ ፓራውልቱ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር።

"ዴልበርት፣ እኔ እዚህ አገር ሰባ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ያንተን መኪና አይቶ ሰዓት የማያውቅ ሰው የለም። እኔ ዛሬ የመጣሁት መኪናውን ለማየት ሳይሆን አንተ እውነቱን ትነግረኝ እንደሆነ ልሰማ ነው። ስልክ ምናምን እያልክ አንድ ሙሉ ኬክ አስጨረስከኝ።"

ዴልበርት ኮፍያውን አወለቀ። ወደ ሎይድ ቢያይ፣ ሎይድ ገና ፍልጡን ታቅፎ እንደጎነበሰ ነው።

"የሚያስተነፍሰው ከየት ነው?" አሉ ሚስስ ቶርሰን።

"ከክላክሱ ቱቦ።"

"ታውቀዋለህ?"

"የልጄ ሠርግ ቀን ነው። ከቤተክርስቲያን ስትወጣ እንድነፋላት ብዬ። ረፈደብኝ። መቁረጫው ጋራዥ ነበር፣ ቱቦውን... በሰንጢ ቆረጥኩት። ተንጋደደ። ክላክሱም ከከረጢቶቹ ጋር ካንድ ታንክ ነው የሚጠጣው፣ ሁሉንም ይዞት ይወርዳል።" ከዚያ ትንሽ ቀና ብሎ፣ "ግን ነፍቶ ነበር" አለ።

"አስታውሳለሁ። ያን ቀን የጆሮ መስሚያዬን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።" ተነሱ። "አንቺ ልጅ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ስጪኝ። አንተ ደግሞ የራስህን መኪና አሁን ሥራ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ የእኔን ትነካለህ።"

ሁላችንም ወጣን። ሁለት ሰዎች ሎይድን ቀና አደረጉት። ዴልበርት ካርቶን አንጥፎ መኪናው ሥር ገባ። ሚስስ ቶርሰን ጎንበስ ብለው ሳሙናውን በብሩሽ ሲቀቡት ብርቱካን የሚያህል አረፋ ወጣ፤ ፈነዳ፣ ሌላ ወጣ። ማንም አልሳቀም። ስድስት ዓመት የሳቅንበት ነገር እንዲህ በዓይን ሲታይ ትንሽ ያሳፍር ነበር። ዴልበርት የቱቦውን ጫፍ በመቁረጫው ቀጥ አድርጎ ቆርጦ መልሶ ገጠመው፤ ሳሙናውም አረፋ አላወጣም።

"ስንት ደቂቃ ፈጀ?" አለ ሎይድ ሲያልቅ።

"አሥራ አንድ" አልኩት።

"ስድስት ዓመት ካሥራ አንድ ደቂቃ በለዋ።"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው" አለ ዴልበርት ከሥር።

"የት? እዚህ አይደል እንዴ የምትውለው?" አለው ሎይድ።

የሳቸውን ማክሰኞ ጀምሮ በማግስቱ ከሰዓት በፊት ጨረሰው። ክላክስ ልጨምርልዎት ቢላቸው፣ "ፔኒ ጥሩንባ አትወድም" አሉት። ያለ ክላክስ ሠርቶ አያውቅም፤ ምሳውን እንኳን ሳይበላ ነው የዋለው። ተሳቢውን አስረው፣ የፔኒን ክብደት የሚያህል ድርቆሽ ጫኑበት። ሚስስ ቶርሰን የንፋስ መለኪያው ጌጅ መስታወት ላይ መርፌው ያለበትን በእርሳስ ምልክት አደረጉና አሳደሩት።

ሐሙስ ሲነጋ መርፌው ምልክቱ ላይ ነበር። ለሳቸው ግን አልበቃቸውም። ድርቆሹን አስወርደው ዴልበርትን ፔኒ የምትቆምበት ቦታ አስገቡት።

"ልጓሙን ያዝ" አሉት፣ ነዱ። ሐዲዱን ወዲያና ወዲህ ሁለቴ ተሻገሩ። እኛ በር ላይ ቆመን እናያለን። በተሳቢው መስኮት የዴልበርት ኮፍያ ብቻ ይታያል።

ሲወርድ ሎይድ፣ "ድርቆሽ ሰጡህ?" አለው።

ዴልበርት ጉልበቱን አሸት አደረገ። "በሐዲዱ ላይ ቀኝ ጎኑ ትንሽ ይጠነክራል" አላቸው ሚስስ ቶርሰንን። "ንፋሱን እንድቀንሰው ይፍቀዱልኝ። እኔ ጉልበቴ ላይ ተሰማኝ፣ እሷም ይሰማታል።"

ቀነሰው። ያኔ ነው ሚስስ ቶርሰን ፊታቸው የላላው። ፔኒ በሦስት እግሯ እየተደገፈች ገባች፣ ሄዱ። ዴልበርት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ቡናው እስኪበርድ አልነካውም። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የምግብ ቤቱ ስልክ ጮኸ።

"ቆማ ወረደች በይው" አሉኝ። "ጅማቱ አልተበጠሰም። ደግሞ ቡናውን ይጠጣ።"

ነገርኩት። "እሺ" አለ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ሳበው። ከዚያ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባና ክላክሱን አንዴ ነፋው፤ በጣም ረጅም። ማዶ ያለው የእህል መጋዘን ላይ የነበሩ እርግቦች ሁሉ ተነሱ። መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም።

ችግሩ የመጣው በቀጣዩ ሰኞ ነው። ዴልበርት ጠዋት መጣ፣ መኪናው ቀና ብሎ ቆመ፣ ቀና እንዳለ ቀረ። ሎይድ ነጩን መስመር ሲያይ ሲያይ ድንች ጥብሱ ቀዘቀዘበት። ስንት ሰዓት እንደሆነ ያወቀ የለም። ለካ ስድስት ሰዓት አልፏል፤ በሩ ተከፈተና ሎሬታ ራሷ ገባች፣ የቤት ጫማ አድርጋ።

"ዴልበርት፣ ሁለት ደንበኛ ግቢ ቆሞ እየጠበቀህ ነው።"

"ገና እኮ ነው" አለ ዴልበርት፣ ወደ ውጭ እያየ።

"ምን ገና ነው፣ ግድግዳውን እይ።"

ሁላችንም ዞረን ግድግዳውን አየን። ሰዓቱ ሦስት ላይ ቆሟል። ባትሪው መቼ እንዳለቀ እንጃ።

ሎይድ ኮቱን እየለበሰ ወደ ዴልበርት ጠጋ አለ። "ስማ ወንድሜ፣ ያቺን ቱቦ ትንሽ ላላ ብታደርጋት?"

ዴልበርት ሚስቱን አየ፣ ሎይድን አየ።

"በዚህ ቅዳሜ" አለው።