ከመንገዱ ማዶ የቆሙት አስተማሪዬ

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከተማውን ያዳረሰ ክፉ ጉንፋን ገባ። አንድ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው እንደተሰቀለ ዲሬክተሩ፣ «እስክትጠሩ ድረስ ማንም እንዳይመጣ፤ ቤታችሁ ተቀመጡ» ብለው አሰናበቱን። ሌሎቹ እየዘለሉ ወጡ። እኔ እትዬን በዓይኔ ፈለግኋቸው። እትዬ የምንላቸው የክፍላችን አስተማሪ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ወጣት፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ። ያን ቀን አልመጡም።

ተማሪ ቤት ቢዘጋም መርካቶ አልተዘጋም። አባቴ ጭድ ተራ ጭድ ይሸጥ ስለነበር በማግስቱ ይዞኝ ወረደ። እኔ ጆንያውን አፉን ከፍቼ እይዝለታለሁ፣ እሱ ይጠቀጥቃል። የሚያስል ገበያተኛ ሲመጣ «ግቢ ወደ ውስጥ» ይለኛል። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። እጄ እየፈጠነ ሲሄድ አባቴን ደስ አለው።

«ከእንግዲህ እዚሁ ብትሆኚስ? ስምሽን መጻፍ እንደሆነ ችለሻል» አለኝ አንድ ቀን።

እኔን ግን ጠመኔ የነካው የእትዬ ቀሚስ ሳይቀር ናፍቆኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እትዬ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው በተራችን ሲያልፉ አየኋቸው። ጆንያውን ጥዬ ሮጥኩ።

«እዚያው ቁሚ! እንዳትጠጊኝ፣ እቤቴ የታመመ ሰው አለ» አሉኝ ከማዶ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

መሐላችን አህያና ተሸካሚ ይተላለፋል። ቆምኩ። እሳቸውም አልሄዱም።

«መጽሐፍሽ የት አለ?»

«እዚህ ነው፣ እትዬ!» ከጭዱ ሥር ነበር የምደብቀው።

«አውጪና አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ!»

አነበብኩ። መጀመሪያ ድምፄ በገበያው ጫጫታ ተዋጠ፤ «አልሰማሁም!» ሲሉኝ ጮህኩ። ስሳሳት ከማዶ ያርሙኛል። ገጹን ስጨርስ፣ «ጎሽ! ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጣዩን» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሦስት ቅዳሜ መጡ። በሁለተኛው አባቴ እንድትታዪ ብሎ ባዶ ሣጥን ደፍቶ ላዩ ላይ አቆመኝ። በሦስተኛው ጎረቤት ነጋዴዎች ሥራቸውን ትተው አዳመጡ። አንዱ፣ «የማን ልጅ ናት ይቺ?» ሲል አባቴ ጭዱን ከልብሱ እያራገፈ፣ «የኔ» አለ። ሱቅ ዘግተን ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ተማሪ ቤቱ የተከፈተ ዕለት ትሄጃለሽ» አለኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ እትዬ ቀሩ። ሣጥኑ ላይ ቆሜ መንገዱን ሳይ ዋልኩ።

ተማሪ ቤቱ ሲከፈት ክፍላችን ውስጥ የጠበቁን ሌላ አስተማሪ ነበሩ። እትዬን ብጠይቅ፣ እናታቸው በዚያ ጉንፋን አርፈው ኖሮ ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ አገር ቤት ገብተዋል አሉኝ። የትኛው አገር እንደሆነ የነገረኝ የለም።

እትዬ አብነት የሚባለው ሰፈር ይኖሩ እንደነበር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ቀጠን ያለች፣ ነጠላ ያጣፋች ሴት ባየሁ ቁጥር እርምጃዬ ይዘገያል። አሁን እሳቸውም ያረጁ መሆናቸው ይጠፋኛል። እቤታቸው የተኛው በሽተኛ ማን እንደሆነ፣ ተሻለው ወይስ ባሰበት፣ በሦስቱም ቅዳሜ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኋቸውም።