የእትዬ መቀስ ግማሽ ሥራ

አያቴ የሞተችው የአጎቴን ፀጉር በግማሽ ቆርጣ ነው። ይህን ሳወራ የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። እኔ ራሴ ቀብሯ ላይ ስቄአለሁ፤ እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ሰፈሩ የሚያውቃት እትዬ መቀስ በሚል ስም ነው። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነበር። በወጣትነቱ ሞተና ሁለት ልጆች፣ አንድ የሚሽከረከር ወንበርና አንድ መቀስ ጥሎላት ሄደ። ዘመዶቿ ወንበሩን ሸጣ እነሱ ዘንድ እንድትጠጋ መከሯት። እሷ የባሏን ነጭ ጋውን እጅጌውን አሳጥራ ለበሰችና ሱቁን ከፈተች። ወንዶቹ በበሩ ያልፋሉ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይላሉ፣ ግን አይገቡም። ሴት መቀስ ይዛ ጆሮው አጠገብ እንድትቆም የሚፈቅድ ጀግና ጠፋ።

የመጀመሪያው ደንበኛዋ የገባው ዝናብ አባሮት ነው። የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ነበር። ወንበሩ ሲመቸው እንቅልፍ ጣለው። አያቴ ቆማ ተመለከተችው፤ የሱ ፀጉር አድጓል፣ የሷ እጅ ሥራ ፈቷል፤ ምን ትጠብቃለች? ጀመረችው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ባነነ።

«ማን ንኪኝ አለሽ!» ብሎ ጮኸባት።

«ደስ ካላለህ ተነሥተህ ሂዳ» አለችው።

ብድግ አለ። መስታወቱን አየ። ኩም ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ወንድ የትም እንደማይሄድ አያቴ ያወቀችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ተጠቀመችበት። ሚስቱን ያኮረፈ፣ ልጁን ከትምህርት ያስቀረ፣ እናቱን መጠየቅ የተወ ሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ አለቀለት። ግማሹን ትቆርጥና መቀሱን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ትከተዋለች፤ «እስቲ አሁን እናውራ» ትላለች። ሌላ ፀጉር ቤት ለመሄድ መንገዱን በሙሉ ማቋረጥ ነው፤ የሚያየው ሁሉ ደግሞ «ይሄ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው?» ይላል። በአንድ ግድግዳ የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞችን ግማሽ ግማሽ ቆርጣ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው ነበር፤ እስኪስማሙ ድረስ እሷ ዞር ብላም ሳታያቸው ሌሎች ደንበኞች ታስተናግዳለች። እውነቱን ለመናገር የምታውቀው አንድ ዓይነት ቁርጥ ብቻ ነው፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ከኋላ ሲታይ አንድ ሰው ይመስል ነበር። ግን ይመጣሉ። እየተሳደቡ ይመጣሉ።

የገዛ ልጆቿ ግን አስቸገሯት። አጎቴ ቤት ለቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ነው፣ ታናሽ እህቱ እናቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። አያቴ እግሯ ማበጥ ሲጀምር አጎቴ «ይበቃታል፣ እኔ ቤት ትቀመጥ» አለ። እናቴ «ካስቀመጥካት ትሞትብሃለች» አለች። እሱ «አንቺ ነሽ በሥራ የምትገድያት» አለ፤ እሷም የማይባል ነገር መለሰች። ተኮራረፉ። ዓመት አለፈው።

«በእኔ እግር ተጣሉ» ትል ነበር አያቴ። «የእግሩን ባለቤት የጠየቀ ግን የለም።»

በመጨረሻ አንድ ቀን አጎቴን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ቀኙን ቆረጠች። ከዚያ መቀሱ ኪስ ገባ።

«እህትህን ይዘሃት ና፤ ግራውን ያኔ እጨርስልሃለሁ።»

አጎቴ ግን የእሷው ልጅ ነው። የሱፍ ኮፍያ ራሱ ላይ ደፍቶ ወጣ። በዚያ ሱቅ ታሪክ ግማሽ ፀጉሩን ይዞ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በዚያ ሙቀት ላቡ እየተንጠፈጠፈ ቆጣሪ ሲያነብ ሰነበተ። ሳምንት ሳይሞላ አያቴ እንደተኛች ቀረች።

ቀብሩ ላይ ወንዶቹ በሙሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አጎቴ ብቻ ቀረ። አጠገቡ የቆመው ያው ሥጋ ሻጭ ነበር፤ አሁን አርጅቷል፣ ጆሮውም ደክሟል። በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ኮፍያህን እንጂ ልጄ!»

አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ አወለቀ። የዚያ ሰፈር ወንድ ሁሉ በዚያ ወንበር ያለፈ ነውና ነገሩን ማስረዳት አላስፈለገም። አንዳንዶቹ ሳያስቡት የራሳቸውን ራስ ዳበሱ። ሽማግሌው ወደ አጎቴ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ የጠየቀ መሰለው፤ የሰማው ግን ቀብርተኛው በሙሉ ነው።

«ምን አዛህ ነበር?»

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ እኔም። እያለቀስን ሳቅን፤ እያፈርን ሳቅን። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አጎቴ መሬት መሬት ያያል፣ እናቴ ጥቁር ሻሿን ታጠብቃለች።

ከዚያ በኋላ ግራውን እንዲያስጨርስ አጎቴን ያልለመነው የለም። ከማዶ ያለው ወጣቱ ፀጉር አስተካካይ «በነፃ ልጨርስልዎት» ብሎት ነበር፤ አጎቴ ፊቱን አጠቆረበት። እልህ ነው አልኩ። እህትና ወንድም አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እሱ በእኔ በኩል «ሥራ ነው የገደላት» ይላል፤ እሷ በእኔው በኩል «የእሱ ኩርፊያ ነው» ትላለች። እኔ መካከል ላይ እንደ ስልክ ሽቦ ተዘርግቼ ቀረሁ። ሁለቱም ልብ አውልቅ ናቸው። ግን ፈርቼ ነበር። የሱቁን ቁልፍ ለአከራዩ ልንመልስ ነው፤ እናታቸው ከሌለች፣ ሱቋም ከተዘጋ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ዳግመኛ የሚገናኙበት በር አይኖርም።

ቁልፉ በሚመለስበት ቀን ጠዋት ከእናቴ ጋር ሱቁን እየጠረግን ሳለ አጎቴ ገባ። ሰላም አላለም። ኮፍያውን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጨርሺው» አለ፣ መስታወቱን እያየ።

«እኔ የምቆርጠው ጨርቅ ነው።»

«ጨርቅ አድርጊኝ።»

«ጨርቅ አይጮህም።»

«አልጮህም።»

እናቴ መቀሱን አነሣች። ልትጀምር ስትል እጇን ያዛት።

«ግራውን ብቻ። እናታችን የቆረጠችውን እንዳትነኪው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ኮፍያ፣ ያ ሁሉ ላብ እልህ አልነበረም። የእናቱ እጅ የመጨረሻ ሥራ ራሱ ላይ ነበርና ሌላ ሰው እንዲያስተካክለው አልፈለገም። አንጀቴን በላው።

እናቴ ቆረጠች። ጆሮውን ጫር አደረገችው፤ ጮኸ።

«አልጮህም አላልክም?»

ሲያልቅ ራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ይመስል ነበር። ራሱን በመስታወቱ ሲያይ ቆየና «ያን ቀን ይዤሽ ብመጣ ኖሮ እሷው ትጨርሰው ነበር» አለ።

እናቴ መቀሱን አስቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ለኀዘን መስሎኝ ነበር እንጂ ከቀብሩ በፊትም ሻሽ ከራሷ አልወረደም ነበር። ግማሽ ፀጉሯ እጅግ አምሮ ተጎንጉኗል፤ ግማሹ ዝም ብሎ ተበትኗል።

«እኔንም ይዛኝ ነበር» አለች። «ወንድምሽን ይዘሽ ካልመጣሽ አልጨርስልሽም አለችኝ። እኔም ሻሼን አሥሬ ወጣሁ።»

አጎቴ ተመለከታት። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ መለየት አቃተኝ። ከወንበሩ ተነሣና በእጁ ጠረገው።

«ተቀመጪ።»

«አጎቴ፣ ደግሞ አንተ መጎንጎን የት ታውቃለህ?» አልኩት።

የመለሰችልኝ እናቴ ናት። «ልጅ ሳለሁ እናታችን ማለዳ ሱቅ ስትከፍት ራሴን ይሠራኝ የነበረው ማን ይመስልሻል?»

ተቀመጠች። አጎቴ በዚያ ወፋፍራም ጣቱ የተበተነውን ፀጉር ለሦስት ከፈለና ያዘ። እጁ አልረሳም።

«ጋሼ፣ አታጥብቀው፣ ያመኛል» አለች እናቴ። ባለልጅ ሴትዮ፣ ፀጉሯ ሽበት የጀመረው።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አላት። «ትምህርት ቤት ይረፍድብሻል።»