የእህቴ ልጅ ፈቃድ

በዚያ ክረምት ደብረ ታቦር ላይ ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ብሎ ሳይጨርስ «መንገዱስ?» ይል ነበር። በጸጥታው ችግር መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ችግሩ የሁሉም መልስ መለያየቱ ነው። እኔ የድንች ነጋዴ ነኝ። ከጉና ሥር በአህያና በበቅሎ የሚወርደውን ድንች እሰበስብና ወደ ባሕር ዳር እጭናለሁ። መንገድ ሲዘጋ ድንች ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ መጋዘን ውስጥ እንዳለ ማቆጥቆጥ ይጀምራል። ጠዋት በሩን ስከፍት ከሁለታችን ተስፋ ያለው እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ድንቹን ግን ተዉት። እንቅልፍ የነሳኝ የታላቅ እህቴ ዓይን ነው። ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ ለብቻዬ ጠራኝ። «የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማትረፍ ግን ባሕር ዳር ሄዳ ቶሎ ቀዶ ጥገና ማድረግ አለባት» አለኝ። «ቶሎ ስትል?» ስለው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እሱም የሌላ አገር ልጅ ነው፤ ለበዓል እንኳ ወጥቶ ቤተሰቡን አላየም።

በዚህ መሀል ልጇ ከናይሮቢ ደወለ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተ እኔ ቤት ነው ያደገው። ኬንያ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል። በእረፍት ቀኑ ጓደኞቹ ቢራ ሲጠጡ እሱ አውሮፕላን ማብረር ተማረ። አውሮፕላኗ አራት ሰው የምትይዝ፣ ከሌሎች ጋር በክበብ የሚጋራት ትንሽዬ ነገር ናት። ፎቶዋን የላከልኝ ጊዜ «ይቺማ ባጃጅ ናት፤ ክንፍ ቀጠሉላት እንጂ» ብዬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እናቴን እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለኝ።

«በምን?»

«በአውሮፕላኗ ነዋ! ፈቃድ አለኝ እኮ።»

ሁሉንም ያመጣው ይህ ቃል ነው። እኔ በኖርኩበት ገበያ ፈቃድ አለኝ ያለ ሰው ጉዳዩ አልቆለታል። ሱቁን ይከፍታል፣ መኪናውን ያስነሳል፣ ለሠርጉ ድምፅ ማጉያ ይሰቅላል፤ የሚጠይቀው የለም። የዚያኑ ዕለት ለእህቴ «ልጅሽ ሊመጣ ነው፤ ፈቃድ አግኝቷል» አልኳት። እሷ ለጎረቤት «ፈቅደውለታል» አለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ «መንግሥት አውሮፕላን ሰጥቶት ይመጣል አሉ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ» አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ዝግጅቱ በስልክ ተጀመረ።

«ጋሼ፣ እናቴ ስንት ኪሎ ትሆናለች?»

«ልትሸጣት ነው?»

«አገራችሁ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ክብደቱን በደንብ ማወቅ አለብኝ።»

መጋዘን ወስጄ ጆንያ የምመዝንበት ሚዛን ላይ አወጣኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመችና «አንተ፣ የኔስ ዋጋ ዛሬ ስንት ወጣ?» አለችኝ። እሷ ቀላል ናት። ከባዱ ጓዟ ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ የገብስ በሶ፤ ከእሷ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ልጁ ሲሰማ «ጋሼ፣ ወይ እናቴን ወይ በርበሬውን» አለ። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው በርበሬው ይሂድ» አለች።

መንገዱንም አስረዳኝ። ከናይሮቢ ተነስቶ ሰሜን ኬንያ ላይ ነዳጅ ይሞላል፤ ከዚያ አዲስ አበባ አርፎ ፓስፖርቱንና ጉምሩኩን ይጨርሳል።

«ሰማይ ላይም ኬላ አለ?» አልኩት።

«ሰማይ ላይ የለም፤ መሬት ስነካ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትነካለህ? ቀጥ ብለህ አትመጣም?»

«ጋሼ፣ ይሄ በኮንትሮባንድ የሚገባ የሞያሌ ጨርቅ አይደለም!»

ነዳጁም አስቸጋሪ ነበር። የትልልቆቹ አውሮፕላኖች ነዳጅ ለትንሿ አይሆንም፤ የራሷ ቤንዚን አላት፣ እሱ ደግሞ አገር ቤት በቀላሉ አይገኝም። «ቤንዚን ለኔ ተወው፤ በጄሪካን አላጣም» ስለው በስልክ ውስጥ ጮኸብኝ።

በሳምንቱ መንገዱ በድንገት ተከፈተ። ጎረቤታችን የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ በጠዋት በራችንን አንኳኳ። «መኪናዬ ላይ አንድ ቦታ አለ። እማማን ባሕር ዳር ላድርስልዎት?» አለኝ። እህቴ ከውስጥ ሆና ሰማችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እኔ ግን ልጄ ሊወስደኝ እየመጣ ነው። መጥቶ ቤቴን ዝግ ያግኘው?»

መምህሩ እኔን አየኝ። እኔም ትከሻዬን ሰበቅሁ። መኪናው ሄደ፤ በማግሥቱ መንገዱ ተዘጋ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረ ሜዳ አለ፤ አሁን ከብት ይግጥበታል። ልጁ «ጉድጓድ ካለ፣ ውኃ የያዘ ቦታ ካለ ሄደው ይዩልኝ፤ ርዝመቱንም ይለኩልኝ» ስላለኝ ሄድኩ። ሣሩ ላይ በእርምጃ እየለካሁ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ቀና ስል መሣሪያ የያዙ ሁለት ሚሊሻዎች ከፊቴ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚቆጥሩት?»

ገበያ ላይ ስንት ዓይነት ውሸት የማውቅ ሰውዬ የዚያን ቀን እውነቱን ተናገርኩ። «አውሮፕላን ሊያርፍ ነው» አልኩ። በዚያ ሰሞን በዚያ አገር ከዚህ የከፋ ነገር ከአፉ ያወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። እርስ በርስ ተያዩ።

«የማን አውሮፕላን?»

«የእህቴ ልጅ። ከኬንያ። ችግር የለም፣ ፈቃድ አለው።»

«እንግዲያው ፈቃዱን ለአለቃችን ያሳያሉ። ይቅደሙ።»

አለቃቸው ድካም ፊቱ ላይ የተጋደመበት፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ነው። ልጁ የላከልኝን የፈቃዱን ፎቶ ከስልኬ አወጣሁለት። በጣቶቹ እያሰፋ አነበበው።

«ይሄ ልጁ ማብረር ይችላል ይላል። የኬንያ ነው።»

«እኮ! ፈቃድ ማለት…»

«አባቴ፣ መንጃ ፈቃድ አለዎት?»

«አለኝ።»

«ዛሬ ባሕር ዳር መሄድ ይችላሉ?»

ከዚህ በላይ ያስረዳኝ ሰው የለም። ስለ እህቴ ዓይን ነገርኩት፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ስልኬን መለሰልኝና «ሁለተኛ ሜዳው አጠገብ እንዳላይዎት» ብሎ አሰናበተኝ።

ከቢሮው ደጃፍ ሳልርቅ ደወልኩ።

«አንተ! ፈቃድ አለኝ አላልከኝም?»

«አለኝ እኮ ጋሼ።»

«የመግባቱስ?»

የመኪና ጥሩምባ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ጠይቄያለሁ። አዲስ አበባ ማረፉ ምናልባት ይሆናል ብለውኛል። ወደ እናንተ መምጣቱን ግን እስካሁን አልመለሱልኝም፤ የሚመልሱልኝም አይመስለኝም። እኔ ፈቃድ አለኝ አልኩ እንጂ ተፈቀደልኝ አልኩ?»

«ታዲያ ኪሎ ስታስመዝነኝ፣ ሜዳ ስታስለካኝ?»

«እማዬ ደስ ሲላት ሰማኋት። ከዚያ በኋላ እንዴት አልመጣም ልበል?»

የሚሰደብ ሰው ፈለግሁ፤ አጣሁ። እሱ ናይሮቢ፣ እሷ ቤቷ፣ እኔ እዚያ በር ላይ፤ ሦስታችንም አንዲት ቃል ውስጥ ገብተን በሩ ተዘግቶብናል።

ቤት ስደርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ጠጠሩን የምታገኘው በጣቷ ነው።

«እትዬ፣ ልጁ አይመጣም።»

«አሞት ነው?»

«ደህና ነው። አልፈቀዱለትም።»

«ፈቅደውለታል አላልክም ነበር?»

የመንጃ ፈቃዱን ነገር እንደ አለቃው አድርጌ አስረዳኋት። እጇ ምስሩ ውስጥ እንዳለ ቆመ። «ያን ዕለት ከመምህሩ ጋር ብሄድ…» አለችና ተወችው። ምስሩን ወደ ጎን አደረገችና «ደውልልኝ» አለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እንዲህ አለችው፦ «ልጄ፣ እዚያው ባለህበት ቆይ። ከዚህ የምወጣው እኔ ነኝ።»

ከማግሥቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ወደ መናኸሪያ እንሄዳለን። አንዱ ረዳት ለምዶን «እማማ፣ ዛሬም መጡ?» ይላታል። «መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?» ትለዋለች። ሚኒባሱ ይሞላል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሁላችንም እንወርዳለን። አንድ ቀን እንደዚያው ስንወርድ ክንዴን ያዝ አደረገችና «የግራው መብራት ሄደ» አለችኝ፤ ኤሌክትሪክ እንደሚጠፋው፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትለውጥ። በማግሥቱም መጣን።

በመጨረሻ ሚኒባሱ ተነሳ። ወረታ እስክንደርስ ስንቴ አስቁመው እንዳወረዱን እሷን ጠይቋት፤ እኔ መቁጠር ትቼ ነበር። ባሕር ዳር ያለው ሐኪም የቀኝ ዓይኗን በቀዶ ጥገና አተረፈው። ስለ ግራው ስጠይቀው «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለ። እሷም አልጋው ላይ ሆና ሰማችው።

መንገዱ ከኋላችን ተዘጋ። ድንቹ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ልጁ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ትኬት ቆርጦ፣ በትልቁ አውሮፕላን፣ በአዲስ አበባ አድርጎ ባሕር ዳር መጣ። ሲገባ እናቱ አንገቷን ወደ አንድ ወገን አዙራ በቀኝ ዓይኗ ብቻ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ይቅርታ ለማለት ሞከረ፤ አፉን በመዳፏ ያዘችው።

እንባውን ሲጨርስ ያመሉን ጀመረ። «እማዬ፣ ሲሻልሽ ናይሮቢ ትመጪና በኔ አውሮፕላን ይዤሽ እበርራለሁ» አላት።

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል» አለችው። «መጀመሪያ መሬት ላይ ጠግቤ ልይህ።»