አባቴና የባሕሩ ዳር ባቡር

ይህ የሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለሁ ነው። አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ቢሆንም፣ እሳቸውን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ቀን ነው።

አባቴ የመጡት ለዓይን ኦፕሬሽን ነበር። ሞራው ተገፎላቸው ፋሻው ሲፈታ ሐኪሙ፣ «አሁን ደስ የሚልዎትን ይዩ» አላቸው። እኔም ፒኮ መንገድ አጠገብ ካለችው ጠባብ አፓርትማዬ አውጥቼ፣ ከዳውንታውን በባሕሩ ዳር ወደ ሳን ዲዬጎ የሚሄደው ባቡር ላይ አሳፈርኳቸው።

መጀመሪያ የሚታየው የፋብሪካ ጀርባ ብቻ ነበር። በኋላ ባቡሩ ታጠፈና ባሕሩ ድንገት ከመስኮቱ ሥር ተዘረጋ። ሐዲዱ ለውኃው ከመቅረቡ የተነሳ አሸዋው ላይ የተኙት ሰዎች ፊታቸው ይለያል። አባቴ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደገፉ።

«ያ ነጭ ነገር ጀልባ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እንግዲህ እኔው ራሴ አየሁት» አሉ። ለዓመታት ሰው እየነገራቸው ነበር የኖሩት።

ኦሽንሳይድ የሚባል ጣቢያ ስንደርስ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነበር። ስመለስ ባቡሩ ተንቀሳቅሷል፤ ወንበራቸው ባዶ ነው። በመስኮት ሳይ አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ውጭ ቆመዋል። ተጣራሁ፤ አልሰሙኝም። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አይችሉም፤ የዓይን ጠብታቸው እንኳ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሄጄ ለኮንዳክተሩ ነገርኩት። «ኦኬ፣ አንቺ ቀጣዩ ጣቢያ፣ ዴል ማር ወርደሽ ጠብቂ። እኔ አስደውላለሁ፤ በሚቀጥለው ባቡር ያሳፍሯቸዋል» አለኝ።

ዴል ማር ጣቢያው ባሕሩ አፋፍ ላይ ነው። እኔ ግን ከሐዲዱ በቀር ምንም አላየሁም። ቢወድቁስ፣ ዓይናቸው ቢመታስ፣ መንገድ ስተው ከተማው ውስጥ ቢገቡስ እያልኩ ስጸልይ ቆየሁ።

ባቡሩ መጣ። ሰዎች ወረዱ፤ አባቴ የሉም። ይሄኔ መስታወት ሲንኳኳ ሰማሁ። አባቴ መስኮቱ ጥግ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ሰፊ ኮፍያ ያደረጉ አሮጊት አሜሪካዊት አሉ። አባቴ በአንድ እጃቸው ግማሽ ሳንዱዊች ይዘው በሌላው «ነይ» ይሉኛል።

ሮጬ ገባሁ። «አባዬ፣ ምነው ወረዱ?»

«እንደ አዋሽ ጣቢያ ቆሞ ምሳ የሚያበላ መስሎኝ ነዋ። በይ ተቀመጪ፤ ገና አይቼ አልጨረስኩም» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሴትየዋ ሳቁ። «የጣቢያው ሰው አጠገቤ አስቀመጣቸው። የት እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው ባሕሩን ያሳዩኛል። ስለዚህ የመስኮቱን ወንበር ለቀቅኩላቸው» አሉኝ። ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ሳን ዲዬጎ ላይ ተለያየን።

አባቴ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ በሕይወት አልተገናኘንም። ለረጅም ጊዜ ያን ቀን ሳስብ የሚታየኝ ድንጋጤዬ ብቻ ነበር። አሁን በዕድሜ እሳቸውን አልፌ ሳስበው ድንጋጤው ለቆኛል። በማያውቁት አገር፣ ቋንቋቸውን ከማይሰሙ ሴት ጎን፣ እንደዚያ ደስ ብሏቸው ተቀምጠው ነበር። እንኳንም ባቡሩ ጥሏቸው ሄደ እላለሁ።