የአባቴ ኸዝና

ዛሬ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ቦርሳዬን ሲፈትሽ ከሥሩ አንድ የዛገ ቁልፍ አወጣ። "ይሄ ደግሞ የምን ነው?" አለኝ። ቁልፉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል፤ ወይም የሚሸተው ለእኔ አፍንጫ ብቻ ነው። ሐሳቤ ኩርሙክ መንገድ ላይ ደረሰ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ሰሊጥ ነጋዴው አባቴ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ፣ ወደ አሶሳ ይዞኝ ሲመለስ ኬላ ላይ ከጭነት መኪናው አስወረዱን። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችንም አብሮን ተሳፍሮ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ ወታደር ይህንኑ ቁልፍ ከአባቴ ኪስ አውጥቶ የምን እንደሆነ ጠየቀው።

ቤታችን የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነው፤ የአባቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር። የሰሊጥ ማስቀመጫ ክፍሎቹን ደግሞ በዐረብኛ ኸዝና ይላቸዋል።

"የኸዝና ነው" አለ፣ ኮራ ብሎ። "ሦስት ኸዝና አለ። ሁሉ ሙሉ ነው።"

ወታደሩ የሰማው የጠመንጃ ካዝና ነው። "ሦስት ካዝና ጥይት? የት ነው የደበቅከው?" ብሎ ክንዱን ጨመደደው። "የሰሊጥ ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ ማን ሊሰማኝ! በዚያ ሰሞን ከኬላ የተወሰደ ሰው ቶሎ አይመለስም ነበር።

አስተማሪያችን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ክፍል የገባ ይመስል ጀመረ።

"ወንድሜ፣ የእንግሊዝ ወታደር ያንተን ካዝና ማጋዚን ነው የሚለው። ቃሉን ያገኘው ከዐረቡ መኽዘን ነው፤ ዕቃ ማከማቻ ማለት ነው። እኛም መጋዘን የምንለው እሱኑ ነው። ያንተ ካዝና፣ የእሳቸው ኸዝና፣ የእንግሊዙ ማጋዚን፣ ሁሉም የአንድ አያት ልጅ ልጆች ናቸው።"

ወታደሩ ጠመንጃውን ቁልቁል አየው። "እና እኔ መጋዘን ተሸክሜ ነው የምዞረው?"

"ትንሽዬ መጋዘን።"

አባቴ ጣልቃ ገባ። "የእኔ ሰሊጥ ነው። አይተኩስ።"

ወታደሩ ሳቁ አመለጠው። "ይሂዱ አባት፣ ይሂዱ" ብሎ ቁልፉን መለሰለት። እፎይ! እያለቀስኩ ሳቅኩ፤ መኪናው ተነስቶ ንፋሱ ፊቴን እስኪያደርቀው ድረስ ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ኬላ በተቃረብን ቁጥር ይጠይቀኝ ነበር። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እንዴት ነው የሚል?"

"መጋዘን።"

"መ-ጋ-ዘን" ይላል። ኬላው ላይ ስንደርስ ይጠፋበትና ወደ እኔ ይዞራል። አሁን እሱም የለም፤ ክፍሎቹም ተሸጠዋል። ቁልፉን ግን መጣል አልሆነልኝም።

ጥበቃው መልሴን እየጠበቀ ነው። መጋዘን ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን የአባቴ ቃል ነው።

"የኸዝና።"

የገንዘብ ካዝና መሰለው መሰለኝ፣ ሳቀ። "ታዲያ ሙሉ ነው?"

"ሙሉ ነው" አልኩት፣ ኮራ ብዬ።